ለብቻው የሚታጠብ ካፖርት

«ይጣል አልኩ እኮ! ይጣል!»

«እሱን ከመጣልሽ በፊት እኔን ጣይኝ!»

«እማዬ፣ ማሽን ነው! ያውም የማይጨምቅ ማሽን! ልብሱን አጥቦ አጥቦ ከነውኃው ቁጭ! ታዲያ ከገንዳ በምን ተሻለ?»

«ገንዳ ልጄ አልገዛልኝም። ይህን የገዛልኝ ልጄ ነው። በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ነው ያስገባው።»

«ትከሻውን አሳመመው እንጂ ምን ጠቀመው!»

የባሌ እህትና አማቴ ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ በሚቀጥለው ክፍል መጋረጃ እሰፋለሁ። ሥራዬ ነው፤ የሰው መስኮት እለካለሁ፣ ቤቴ ወስጄ እሰፋለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። በእነሱ ጭቅጭቅ መካከል በር ተንኳኳ። ሁለቱም አልሰሙም። ተነሥቼ ከፈትኩ።

የዕቃ ሳጥን የያዘ ረጅም ሰው ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ? ማሽን የተበላሸው እዚህ ቤት ነው?»

አፌ በስፒል ተሞልቷል። የመጋረጃውን ጠርዝ ስይዝበት የነበረውን ስፒል ሁሉ በከንፈሬ ነክሼ ነው የመጣሁት። ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ሰላምታውን እንድመልስ ጠበቀ። እንደገና ነቀነቅኩና በጣቴ ወደ ውስጥ አመለከትኩት። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ኋላ እንደነገረኝ፣ ‹ይህቺ ሴት ሰላምታ እንኳ የምትነፍግ ናት› ብሎ ነበር ያለፈኝ።

ውስጥ ገብቶ እናትና ልጅ መካከል ቆመ።

«ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ... ከማን ጋር እንደምወግን ሳልወስን ጠቡን አትጨርሱት።»

አማቴ ሳታስበው ሳቀች። የባሌ እህት ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «እሱን ነው ሰፈሩ ‹ቀስ በል› የሚለው፤ ከኛ ማሽን ጋር ይግባባሉ፣ ሁለቱም አይቸኩሉም» አለችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

«ሰምቻለሁ» አለ ቀስ በል፣ ተንበርክኮ ሳጥኑን እየከፈተ። «ማሽኑም ሰምቷል።»

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ግድግዳው ስስ ነው። የማሽኑን የጀርባ ቆርቆሮ ሲፈታ፣ ካቻቢቴውን ሲያስቀምጥ፣ ለራሱ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም እሰማለሁ። የስፌት ማሽኔን የእግር መርገጫ ሳቆም እሱም ያቆማል። ስቀጥል ይቀጥላል። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። ሆን ብዬ አቆምኩ... ዝም አለ። ብቻዬን ፈገግ ማለቴን ሳውቅ ደነገጥኩ። ከፈገግታዬ ጋር ከተያየን ብዙ ጊዜ ሆኖናል።

ቺንጋው ላልቶ ነበር። በርሜሉን የሚያሽከረክረው ጎማ ማለት ነው። ቀየረው፣ የአልጋ ልብስ ከትቶ ሞከረው፣ ማሽኑ እየዘመረ ጨመቀ። አማቴ አጨበጨበች።

ሲወጣ ጓሮ የተሰጡትን የወንድ ሸሚዞች ተመለከተ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር... በአንገታቸው ተሰልፈዋል።

«ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ» አለኝ። «የማሽኑ አንድ እግር ከፍ ብሏል። ማታ ሲመጡ ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት ያስገቡለት።»

አፌ ባዶ ነበር። መናገር እችል ነበር። አማቴ ግን አጠገቤ ቆማለች።

«እነግረዋለሁ» አለች እሷ።

ባሌ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም። አማቴ ሬሳውን አይታለች፣ አልቅሳለች፣ ቀብራለች። አላበደችም፤ ሁሉን ታውቃለች። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ታጥባለች። ማንም ያልለበሰውን ሸሚዝ ታጥባለች፣ ለቀናት ታሰጣለች፣ ትተኩሳለች፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ትመልሳለች። «ልጄ ቆሻሻ አይወድም» ትላለች። እኛም አንከራከራትም። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያጨቃጭቅ ነገር ሞልቶ፣ ያንን ብቻ ማንም አይነካውም።

እኔም ወደ ወላጆቼ ቤት አልተመለስኩም። ‹ቀኑ እስኪያልፍላት› ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ለምጄያት ቀረሁ። አንዳንዴ ሰው በሐዘን ገብቶ በፍቅር ይቀራል።

በቀጣዩ ሰኞ ማሽኑ እንደገና እንቢ አለ። ቀስ በል መጣ። በርሜሉን የሚይዘው የሽቦ ሞላ ወልቆ አገኘው።

«ይገርማል» አለ። «ምን አስገብታችሁበት ነው?»

«ልብስ ነዋ! ድንጋይ አናጥብ!» አለች አማቴ።

ሞላውን መልሶ፣ ሞክሮ፣ አስጨምቆ ሄደ። ቅዳሜ አለፈ። ሰኞ ደግሞ ተበላሸ። በልቤ ‹ተመስገን› ማለቴን ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያን ዕለት አማቴ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ቀስ በል ሥራውን ትቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ይህ የስፌት ማሽን ድምፁ አልተመቸኝም።»

«የእርስዎ ሥራ ያኛው ክፍል ነው እኮ።»

«እጄ እዚያ ነው። ጆሮዬ ግን...»

አልጨረሰውም። ዘይት አምጥቶ የመርፌውን ዘንግ ጠብ ጠብ አደረገበት፤ በሰፊ አውራ ጣቱ መሽከርከሪያውን ገፋ ሲያደርገው ድምፅ የለሽ ሆኖ ዞረ። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ እሱ ጎንበስ ብሏል። የሳሙናና የብረት ሽታ አለው። ፀጉሩ መካከል አንዲት ነጭ ክር ወድቃለች፤ የእኔ ክር ናት። እጄን ዘርግቼ ላነሣለት ፈለግሁ። ጭኔ ላይ ያለውን ጨርቅ አጥብቄ ያዝኩ።

«ይሄው» አለ ቀና ብሎ። «አሁን አይጮህብዎትም።»

«ብቻዬን ሳለሁ የሚያነጋግረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ዝም አሰኙት።»

ሳቀ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየና ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ባለቤትዎ ታድለዋል» አለ። «እንዲህ ታጥቦ ተተኩሶ የሚጠብቃቸው ቤት አለ። እኔ ኮሌታዬን የማየው ሲያሳክከኝ ነው።»

አሁን! አልኩ በልቤ። አሁን ንገሪው!

ግን ምን ብዬ? ‹ባል የለኝም› ማለት ዝም ብሎ ወሬ ማውራት አይደለም። ለዚህ ሰው፣ በዚህ ክፍል፣ በዚህ ቅርበት ከተናገርኩት ልመና ይሆናል። ‹ና› ማለት ይሆናል። ጓሮ የተሰጡት ሸሚዞች ደግሞ ያዩኛል። እኔ ከባሌ እናት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ፣ እሷ ጎረቤት በሄደችበት፣ የልጇን ሞት ለሌላ ወንድ እንደ ምሥራች ልንገር?

«አዎ» አልኩ። «ንጹሕ ይወዳል።»

ምላሴን በነከስኩት! እሱ ራሱን ነቅንቆ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ከዚያች ሰዓት በኋላ የእግር መርገጫዬን ባቆም ባስነሣ፣ የእሱ ካቻቢቴ ከእኔ ጋር አልቆመም፣ ከእኔ ጋር አልተነሣም።

ማሽኑ ለአራተኛ ጊዜ ሲበላሽ ቀስ በል አልመጣም። «ሥራ በዝቶበታል» አለች የባሌ እህት። በቀጣዩም ሳምንት አልመጣም። አማቴ የባሌን ካፖርትና ሸሚዞች በእጇ እየጨመቀች ወገቧን ትይዛለች። እኔ መንገዱን አያለሁ። የዕቃ ሳጥን የያዘ ሰው ሁሉ እሱ ይመስለኛል። ባዶ እጁን የሚያልፈውም እሱ ይመስለኛል። የማንም ያልሆነ መጋረጃ አነሣና እሰፋለሁ፣ እተረትራለሁ። ስፌት ማሽኔ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ራሱ እሱን ይጠራል።

በመጨረሻ የደንበኛ መጋረጃ ላደርስ ነው ብዬ በቀስ በል የጥገና ሱቅ በኩል ዞርኩ። ደንበኛዬ የምትኖረው በሌላ አቅጣጫ ነበር።

የአንዱን ፍሪጅ በር ደግፎ ቆሟል። ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ እጁን።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«ወገባቸው ታሟል። በእጃቸው እየጨመቁ ነው።»

አንገቱን ደፋ። «ጥፋቴ ነው። መምጣት ነበረብኝ።»

«ለምን ቀሩ?»

ፍሪጁን ከፈተው፣ ዘጋው። ባዶ ነበር።

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። የአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጥገና። ቃል ሰጥቻለሁ።»

መጋረጃው ከእቅፌ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩት።

«መቼ ነው?»

«ሰኞ። ግን ማሽናችሁን እንዲህ ትቼ አልሄድም። ስጠግነው ይሠራል፣ ቅዳሜ ይታጠብበትና ሰኞ ሞቶ ይገኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ልምጣ። ስታጥቡ በዓይኔ ልየው።»

እሺ አልኩና ወጣሁ። ከዚያ ምን ላድርግ? ያንኑ መጋረጃ አቅፌ ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሞላውን ሲያስገባ ቆይቶ፣ «በሉ እማማ፣ እኔ እንደሌለሁ ቆጥረው እንደ ሁልጊዜው ይጠቡ» ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የባሌ እህትም መጥታ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

አማቴ መጀመሪያ ሸሚዞቹን አጠበች። ማሽኑ ጨመቃቸው። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዳ ካፖርቱን አመጣች። ወፍራም፣ ጥቁር ካፖርት። እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ብቻውን በርሜሉ ውስጥ አስተኛችው፤ ክዳኑን ዘጋች።

ማሽኑ ሲያጥብ ደህና ነበር። ለመጭመቅ ሲነሣ ግን... ዷ! ዷ! ዷ! ከቦታው ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ተራመደ። የባሌ እህት ጮኸች። ቀስ በል ተስፈንጥሮ ሶኬቱን ነቀለው። ሰውዬው ሲቸኩል ያየሁት ያኔ ነው።

ክዳኑን ከፍቶ አየ። ካፖርቱ ውኃ ጠጥቶ፣ ከብዶ፣ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል።

«አገኘሁት» አለ በእፎይታ። «ምንም አልተበላሸም እማማ። ብቻውን ስለሆነ ነው። አንድ ከባድ ልብስ ብቻውን ሲገባ በአንድ ወገን ይጭናል፤ በርሜሉ ያጋድልና መዞር ያቅተዋል። ከዚያ ነው ሞላው የሚወልቀው፣ ቺንጋው የሚላላው። ከሌላ ልብስ ጋር ይቀላቅሉት፣ በቃ።»

«አይቀላቀልም» አለች አማቴ።

«አንሶላም ቢሆን፣ ፎጣም ቢሆን...»

«የልጄ ልብስ ከማንም ጋር አይቀላቀልም አልኩህ!»

«እማዬ...» አለች ልጇ።

ቀስ በል ግራ ገባው። እኔን አየኝ፤ ዓይኔን ሰበርኩ። ወደ አማቴ ተመልሶ በትሕትና፣ «እንግዲያው ልጅዎ ሲመጡ እኔ ላነጋግራቸው። ለካፖርታቸው ብለው የእናታቸው ወገብ እንዲቀጭ አይፈልጉም። በሥራ ምክንያት ይሆናል እንጂ፣ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ አላገኘኋቸውም...» አለ።

የባሌ እህት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ የበሩን መቃን ይዣለሁ።

አማቴ የማሽኑን ክዳን በመዳፏ ደባበሰችው።

«አታገኘውም» አለች። «የካፖርቱ ባለቤት ሞቷል፣ ልጄ። ከሞተ ቆየ።»

በዚያ ቤት ውስጥ ቃሉን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው መሰለች። ቁጭ አለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ እንደገና እኔን አየችኝ። ምን እንዳየች እንጃ። ፊቴ ላይ የነበረውን ሁሉ ሳይሆን አይቀርም።

«ይህቺ ልጅ ባል የላትም» አለችው። «ያለቻት አንዲት አማት ናት። እሷም አስቸጋሪ።»

እያለቀሰች ሳቀች። እኛም እያለቀስን ሳቅን። ቀስ በል ብቻ ፊቱን ወደ ማሽኑ እንዳዞረ ቀረ። ጆሮው ቀልቷል።

ከዚያ አማቴ ተነሣች። ከቅርጫቱ ውስጥ የእኔን ቀሚስ መዘዘች፣ የአልጋ ልብሱን መዘዘች፣ የሴት ልጇን ሹራብ ጨመረች። ካፖርቱን ከፍ አድርጋ በዙሪያው አደላድላ ከተተቻቸው።

«ሰካው» አለች።

ዞረ። ማሽኑ በዝግታ ጀምሮ፣ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ወለሉ ላይ ሳይንቀሳቀስ ዞረ።

በር ድረስ ሸኘሁት። ሳጥኑን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

‹አንቺ› አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እንዴት ብዬ?»

«እኔኮ ከዚህ ቤት ለመራቅ ብዬ ነው ያንን ሥራ የያዝኩት። የሰው ሚስት የስፌት ድምፅ እያዳመጥኩ መኖር አቃተኝ።»

«አትሂድ» አልኩት። ‹እርስዎ› ከአፌ ጠፍቶብኛል።

«ቃል ሰጥቻለሁ። ያሉኝ ቀን ካልተገኘሁ ሰው ይጉላላል። ግን... አብረሽኝ ነይ። ዛሬ አይደለም። ስትችዪ።»

ወደ ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ። በመስኮቱ አማቴ ካፖርቱን ስታሰጣ ትታያለች፤ ወገቧን ይዛ።

«እሷን ማን ላይ ጥዬ?»

ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ። ሰኞ ሄደ።

እሑድ እሑድ ይደውል ነበር። ስለ ሆቴሉ ትልልቅ ማሽኖች ይነግረኛል፤ ስለ ሰፋሁት መጋረጃ እነግረዋለሁ። የምንለው ሲያልቅብን ስልኩን የስፌት ማሽኔ አጠገብ አስቀምጥለትና እሰፋለሁ። ዝም ብሎ ያዳምጣል። ‹አለህ?› እለዋለሁ። ‹አለሁ› ይለኛል። በመሃላችን ያለው መንገድ ግን አለሁ በማለት አያጥርም። ዝናቡ መጥቶ አለፈ፤ ብርዱ ገባ። ሌሊት እጄን ብዘረጋ ባዶ ግድግዳ ነው። ድሮም ባዶ ነበር፤ አሁን ግን ባዶነቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ እሑድ ስልኩን ስዘጋ አማቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«‹እሷን ማን ላይ ጥዬ› ትያለሽ አሉ» አለችኝ።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ግድግዳው። ዕቃ ነኝ እንዴ የምጣለው?»

«እማዬ...»

«ዝም በዪና ስሚኝ! እኔን ሰበብ አታድርጊኝ። መፍራትሽ ከሆነ ፍሪ፤ የፈራ ሰው አይታማም። ግን በእኔ ስም አትፍሪ። ልጄን ሞት ወሰደው፤ አንቺን ደግሞ እኔው ራሴ አፈር ላልብስሽ?»

ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። ፀጉሬን በሻካራ ጣቷ አበጠረችው።

«ያቺ ልጄ አፏ ነው እንጂ ልቧ ደህና ነው» አለች። «ከእኔ ጋር ልትኖር ተስማምታለች። ስንጨቃጨቅ ጊዜው ይሄዳል።»

በቀጣዩ እሑድ ሲደውል ‹እመጣለሁ› አልኩት፤ እሱም የወሩ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ጋብቻችንን ማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን። ጸሐፊዋ ከመነጽሯ በላይ አይታ፣ «በሙሽራዋ በኩል እማኝ ማን ነው?» ስትል አማቴ ማንንም ሳታስቀድም ብድግ አለች።

«ምኗ ነዎት?»

«እናቷ» አለች፤ ፈረመችም።

የዚያን ዕለት ማታ ልብሴን በቦርሳ ስከት አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ በር ላይ አትሰናበቺኝ። ልጄን በር ላይ ስሜ ነው ወደ ሆስፒታል የሸኘሁት፤ እንደገና አልችልበትም። መጋረጃ ልታደርሺ እንደምትሄጂ ሆነሽ ውጪ።»

ቃል ገባሁላት። እንቅልፍ እስኪወስዳት እጇን ይዤ ቆየሁ።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች መጥተው ሳሎኑ ሞልቷል። ሰፈር ውስጥ አዲስ ዳቦ ቤት ተከፍቶ ጉድ ሆኗል። የባሌ እህት ሻይ ታቀርባለች።

«ዳቦው እኮ ትልቅ ነው!» ትላለች አንዷ።

«ትልቅ? አየር ነው የሚሸጥልሽ! ጫን ብታደርጊው እፍኝ አይሞላ!» ትላለች አማቴ፤ ጀርባዋ ወደ እኔ ነው።

«አንቺ ደግሞ አዲስ ነገር አይጥምሽም።»

ቦርሳዬን አንሥቼ በመካከላቸው አለፍኩ። አንዷ እንዳልፍ እግሯን ሰብሰብ አደረገችልኝና ወሬዋን ቀጠለች። በሩን ከኋላዬ መለስ አደረግኩት።

እሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ተሻግሮ መጣና ቦርሳውን ተቀበለኝ።

«የትናንቱን ዳቦ ዛሬ ሞክሪው እስቲ! ጥርስሽን ይዞ ይቀራል!» የአማቴ ድምፅ ከሁሉም ልቆ ይሰማል።

ሳቁ መንገዱ ድረስ ወጣ። እጁን ያዝኩና ወደ አውቶቡሱ ሄድን።